ሁለት መድረክ ፊት ለፊት በኪያምቦ

«ቦንግቺ» ማለት በእኛ ቋንቋ «ይሁን፣ ትደግ» እንደ ማለት ነው። አምስተኛ ሴት ልጅ ሆና ስትወለድ አባቷ ፊቷን እንኳ ሳያይ ያወጣላት ስም ነው። በደቡብ ታይዋን እንዲህ ዓይነት ስም የተሸከሙ ሴቶች ሞልተዋል፤ ማንም አይደነግጥበትም። እሷ ግን በስሟ ሲጠሯት ዝንብ እንዳረፈበት ፈረስ ትከሻዋን ታርገበግብ ነበር። ወዲያው መልስ የሚያገኘው «ትንሿ ጭልፊት» ብሎ በመድረክ ስሟ የጠራት ሰው ነው።

እኔ ቴክ እባላለሁ፤ መሰንቆ መቺ ነኝ። የመሰንቆዬ ገላ የኮኮናት ቅርፊት ነው፤ ክሯ ሁለት ነው። በ«ፀደይ ደስታ» ቡድን ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ከመድረኩ ጥግ ተቀምጬ ዘፋኝ ስከተል ኖሬያለሁ። የእኛ ቲያትር የተጻፈ ነገር የለውም። ከመጀመራችን በፊት ታሪክ ነጋሪያችን መምህር ሎ ሁላችንንም ከመጋረጃ ጀርባ ሰብስቦ ማን እንደሚገባ፣ ማን እንደሚያለቅስ፣ ማን እንደሚሞት ይነግረናል። ንግግሩንና ግጥሙን ግን እያንዳንዱ ተጫዋች ሕዝብ ፊት ቆሞ ከሆዱ ያወጣዋል። ስለዚህ መሰንቆ መቺ ጆሮው ብቻ አይበቃውም፤ ዓይኑንም ከዘፋኙ ላይ መንቀል የለበትም። ትከሻዋ ከፍ ካለ ትንፋሽ እየሳበች ነው፤ ጣቷ ወደ ታች ከጠቆመ የለቅሶ ዜማ ልትጀምር ነው። ቦንግቺን ያወቅኋት እንዲህ እያየሁ ነው።

ወደ ቡድኑ የመጣች ዕለት ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አባቷ ለሦስት ዓመት ከአራት ወር በውል ሰጥቷት ሄደ፤ ያን ጊዜ የድሃ ልጅ ወደ ቲያትር የሚገባው እንዲህ ነበር። ያስተማሯት አንድ ሽማግሌ የጦረኛ ተጫዋች ናቸው። በጉልበቶቿ መካከል ወረቀት አስይዘው መድረኩን በትናንሽ እርምጃ ያዞሯታል፤ ወረቀቱ ከወደቀ በሸንበቆ ቁርጭምጭሚቷን ይሏታል። በእኛ መድረክ አንድ ዙር የአንድ ወር መንገድ ማለት ነው፤ ሁለት ዙር ከሄድክ አገር ለቀሃል። ሌሎቹ ልጆች ሲያርፉ እሷ መዞሯን አትተውም።

አንድ ቀን ሽማግሌው ታከታቸውና «በቃ፣ ተቀመጪ!» አሏት።

«ስቀመጥ እግሬን ይበላኛል፣ መምህር።»

«ምን ይበላሻል? ትኋን ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ስሄድ ይተወኛል።»

በእኛ ቲያትር ወጣቱን ጀግና የምትጫወተው ሴት ናት፤ ሴት ተመልካቾቻችን የሚወዱት እንደዚያ ነው። ቦንግቺ በአሥራ ስድስት ዓመቷ ወንድ ሆና ስትወጣ የገበያ ሴቶች ማራገቢያቸውን ይጥሉ ነበር። መድረክ ላይ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ብቻ ነው ያለን፤ ያንኑ ጠረጴዛ አንዴ ተራራ፣ አንዴ ፍርድ ቤት፣ አንዴ አልጋ እናደርገዋለን። እሷ ጠረጴዛው ላይ ዘላ ወጥታ ጅራፏን ስታወዛውዝ ፈረሱን ታየዋለህ። ከመድረክ ስትወርድ ግን ያው ናት። ሩዟን ቆማ ትበላለች። ሰው ሲያወራት ዓይኗ በሩ ላይ ነው። ውሏ ካለቀ ቆይቶ ነበርና ወደ ሌላ ቡድን ሄደች፤ ከዚያ ወደ ሌላ፤ ከዚያ ተመልሳ ወደ እኛ። ስትሄድ አንድ ቦርሳ ብቻ ይዛ ነው፤ ማንንም አትሰናበትም። ጠዋት ስንነሳ ምንጣፏ ተጠቅልሏል፣ አለቀ።

ያረጋታል ብለን ያሰብነው አንድ ሰው ነበር፤ የዕቃችን መኪና ሾፌር። ዝምተኛ፣ ወፍራም፣ ሲስቅ ድምፅ የሌለው ሰው ነበር። ተጋቡ፤ ሴት ልጅ ወለዱ፤ ሶቺን አሏት። በዚያ ጊዜ ቦንግቺ ከባሏ ጎን መኪናው ጋቢና ውስጥ ተቀምጣ አገር ለአገር ስትዞር ደስ ብሏት አይቻለሁ፤ መቀመጥም መሄድም በአንድ ላይ የተገኘው እዚያ ብቻ ነው። ሶቺን ሁለት ዓመት ሲሞላት ትልቅ አውሎ ነፋስ መጣ። ሾፌሩ የልብስ ሣጥኖቻችንን ከወንዝ ማዶ ሊያሻግር ወጣ፤ ድልድዩ ከነመኪናው ሄደ። ሣጥኖቹን ከሦስት ቀን በኋላ ዝቅ ብሎ ካለ አሸዋ ላይ አገኘናቸው። እሱን አላገኘነውም።

ከዚያ በኋላ የቦንግቺ ነገር ባሰ። ልጇን አዝላ ከቡድን ቡድን ትሮጣለች። የትም ከሁለት ወር በላይ አትከርምም። ሶቺን ስድስት ዓመት ሲሆናት ወደ ማኒላ የሚሄድ ቡድን ጀግና ተጫዋች ፈለገ፤ እዚያ ብዙ የአገራችን ነጋዴዎች አሉ፣ ቲያትራችንን ይወዳሉ። ሕፃን ግን አይወስዱም። ያን ጊዜ ቦንግቺ «ዕንቁ ጨረቃ» በሚባለው ቡድን ውስጥ ነበረች፤ ልጇን እዚያው የእመቤት ሚና ለምትጫወተው ለኪዮ ሰጠቻት።

«ሎንጋኑ ሲበስል እመጣለሁ» አለቻት ለልጇ። ሎንጋን የበጋ ፍሬያችን ነው።

የመጣችው በሦስተኛው በጋ ነው። ሶቺን ከኪዮ ቀሚስ ጀርባ ተደብቃ «ይቺ ሴትዮ ማናት?» አለች። ቦንግቺ ያመጣችላትን ጫማ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ጫማው ትንሽ ነበር፤ የገዛችው በትዝታዋ ልክ ነው። ሻይ ቀረበላት፤ አልጠጣችም። በዚያው ቀን አውቶቡስ ተሳፈረች። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፤ ከዓመታት በኋላ፣ ልብስ እያጣጠፈች፣ ወደ እኔ ሳታይ።

አሁን ወደ ኪያምቦ እንምጣ።

ቦንግቺ አርባ ሆኗት ወደ እኛ ከተመለሰች ሦስተኛ ዓመቷን ይዛ ነበር። ቴሌቪዥን ሰውን ከአደባባይ ወደ ሳሎን መሰብሰብ የጀመረበት ዘመን ነው፤ ሥራ ሳስቷል። በሦስተኛው ጨረቃ ወር፣ ዓሣ አጥማጆችን በምትጠብቀው አምላክ፣ በባሕር እመቤቷ ልደት፣ የኪያምቦ ቤተ መቅደስ ሽማግሌዎች ጠሩን። ኪያምቦ የጨው ኩሬና የዓሣ ኩሬ መንደር ናት፤ ሰዎቿ ሀብታም ባይሆኑም ለአምላካቸው አይሳሱም። የመኪናው ኋላ ላይ በሣጥኖቹ ላይ ተደርድረን ስንሄድ የቡድናችን ባለቤት አክስት ፒን ነገሩን አወጣችው።

«ዛሬ ብቻችንን አይደለንም። ግጥሚያ ነው።»

ግጥሚያ ማለት ሁለት ቡድን ፊት ለፊት ተተክሎ በአንድ ጊዜ ይጀምራል ማለት ነው። ሕዝቡ መሀል ላይ ነው፤ ደስ ወዳለው ይዞራል። መጨረሻ ላይ ሰው የበዛበት ያሸንፋል፤ ሰው ያጣው በቀጣዩ ዓመት የሚጠራው መንደር ያጣል።

«ማዶ ማን ነው?» አለች ቦንግቺ።

አክስት ፒን የሸንኮራ አገዳዋን ላጠች። «ዕንቁ ጨረቃ።»

ቦንግቺ በሚሄድ መኪና ላይ ብድግ አለች። «አውርዱኝ።»

«የት ልትወርጂ? ጨው ኩሬ ውስጥ?»

«አውርዱኝ አልኩ።»

«አንቺ ልጅ፣ የነሱ ጀግና ተጫዋች ማን እንደሆነች ታውቂያለሽ፤ እኔም አውቃለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት ሸሽተሻታል። ዛሬ ለእኔ ስትይ አንድ ከሰዓት ቁሚ፤ ከዚያ ወደ ፈለግሽበት ሂጂ።»

የደረስነው ረፋድ ላይ ነው። ሁለቱ መድረኮች ከቀርከሃና ከሳንቃ ተሠርተው፣ አንዱ በምሥራቅ አንዱ በምዕራብ፣ ቤተ መቅደሱን መሀል አድርገው ተፋጠዋል። አክስት ፒን መጀመሪያ ያደረገችው ነገር የቦንግቺን ወፍራም ሶል ያለው የጄኔራል ቦቲ ሣጥን ውስጥ ከትቶ ሣጥኑ ላይ መቀመጥ ነው።

«አክስት ፒን፣ ሆዴን ያመኛል» አለች ቦንግቺ።

«እኔንም ያመኛል። ተቀምጫለሁ ግን።»

«ቦቲዬን ስጪኝ።»

«መድረክ ላይ ልትወጪበት ነው ወይስ አውቶቡስ ልትሳፈሪበት?»

«በቦቲ አውቶቡስ ተሳፍሬ አውቃለሁ?»

«በባዶ እግርሽም ሄደሽ ታውቂያለሽ!» አለ ፊቱን ነጭ እየቀባ የነበረው ቀልደኛችን፤ ሁሉም ሳቀ፤ እሷ ብቻ አልሳቀችም።

መምህር ሎ ታሪኩን ነገረን። ጄኔራል ሚስቱንና ልጁን ትቶ ድንበር ይጠብቃል፣ በጠላት ተከቦ ሃያ ዓመት ይቆያል፣ ድል አድርጎ ይመለሳል። ቦንግቺ ጄኔራሉ ናት፤ ጢም አንጠልጥላ፣ ጀርባዋ ላይ አራት ባንዲራ ሰክታ። መምህር ሎ ሲናገር እሷ ከመጋረጃው እስከ ከበሮው፣ ከከበሮው እስከ መጋረጃው ትመላለሳለች። ወለሉ ስለሚንቀጠቀጥ የሻይ ብርጭቆዬን በእጄ ያዝኩት።

እኔ ጋ ስትደርስ ቆመች። «ወንድሜ ቴክ፣ አንተ አይተሃታል አሉ።»

«የዛሬ ሁለት ዓመት ጂያዪ ከተማ አይቻታለሁ።»

«ማንን ትመስላለች?»

«ተቀመጪና ልንገርሽ።»

«እንደቆምኩ ንገረኝ።»

«አንቺን ትመስላለች። እሷ ግን መቆም ታውቃለች። መድረክ መሀል ቀጥ ብላ ትቆምና ሰዉን ታስጨንቀዋለች።»

ጢሟን አውጥታ መልሳ ሰካች።

ከቀትር በኋላ የሁለቱም ወገን ከበሮ በአንድ ጊዜ ፈነዳ። ርችቱ፣ የድምፅ ማጉያው፣ ኦይስተር የሚባል የባሕር እንስሳ ጥብስ ጭስ፣ የኦቾሎኒ ሻጮች ጩኸት አንድ ላይ ሆነ። በመጀመሪያው ሰዓት የእኛ ወገን በለጠ። ቦንግቺ እንደዚያ ቀን ስትጫወት አይቻት አላውቅም፤ ሦስት ጦር ከአየር ላይ በእግሯ መለሰች፤ ጠረጴዛው ላይ ወጥታ ወደ ኋላ ተገለበጠች። ሕዝቡ እንደ ማዕበል ወደ እኛ መጣ። እኔ ግን ዓይኗን አያለሁ። ፊቷን አንድም ጊዜ ወደ ማዶ አላዞረችም። ጄኔራል ጦር ሜዳ ላይ አራቱንም ማዕዘን ማየት አለበት፤ እሷ ሦስቱን ብቻ ነው ያየችው።

ማዶ ያሉት ይህን ሲያዩ ከበሯቸውን አቆሙ። በግጥሚያ ላይ ከበሮ ማቆም ሞት ነው፤ ስለዚህ ሰዉ ምን ሆኑ ብሎ ዞረ። ሶቺን ነጭ የሐዘን ልብስ ለብሳ፣ አባቱን ፍለጋ የወጣ ወጣት ሆና፣ ብቻዋን መድረኩ ጠርዝ ላይ መጣች። ቀጥ ብላ ቆመች። ጅራፏን አንስታ በአደባባዩ ላይ አሻግራ ወደ እኛ ጠቆመች።

«እናንተ የኪያምቦ ሰዎች!» አለች። «እኔ አባቴን ፍለጋ ሰባት አውራጃ ዞሬያለሁ። እዚያ ማዶ የሚገለባበጠው ጄኔራል የማን አባት እንደሆነ የሚያውቅ አለ?»

ሕዝቡ ሆ! አለ። በግጥሚያ መሰዳደብ አለ፤ የሌላውን ቡድን ታሪክ መንጠቅ ግን ማንም አይቶ አያውቅም። የእነሱ መሰንቆ የለቅሶ ዜማ ጀመረች፤ እሷም ዘፈነች፦

«ፍሬው ሲበስል እመጣለሁ አልከኝ፣
ዛፉ አረጀ እኔን እያየኝ።
መንገድ ነው ወይ የበኩር ልጅህ፣
እኔን አውርደህ እሱን ያዘልህ?»

ቦንግቺ አንድ እግሯን እንዳነሳች ቀረች። ከበሮ መቺያችን አየኝ፤ እኔ ምን ላድርግ? መምህር ሎ ከመጋረጃው ጀርባ «መልሺላት! መልሺላት!» ይላል። አክስት ፒን «የጦሩን ትዕይንት ቀጥሉ!» ትላለች። ከዚያ የቦንግቺ ጣት ወደ ታች ሲጠቁም አየሁ። የለቅሶ ዜማ ነው። ማዶ ያለው መሰንቆ በያዘው ቅኝት ገባሁ፤ ከዚህም ከዚያም አንድ ዜማ ሆነ። ፊቷን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ማዶ አዞረች፦

«ጎርፍ በአንድ ጀንበር ባሌን ወሰደው፣
ከዚያ ወዲህ ነው እግሬ የማይረጋው።
የቆምኩበት ሁሉ ውሃ መሰለኝ፣
አንቺን በደረቅ ትቼ መሮጥ ቀረኝ።»

«ጄኔራሉ ባል ነበረው እንዴ?» ብሎ ጮኸ አንድ ኦቾሎኒ ሻጭ፤ ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ከጎኑ ያሉ አሮጊት በማራገቢያቸው አፉን መቱት። «ዝም በል አንተ! ቲያትር መሰለህ?» አሉት። ሳቁ ጠፋ። የኪያምቦ ሰዎች የትንሿን ጭልፊት ታሪክ ባያውቁም ጎርፉን ያውቃሉ፤ ያን ዓመት ከዚያች መንደርም ሰው ሄዷል።

ሶቺን ጅራፏን አውርዳ ቆመች።

ቦንግቺ ወደ መድረኩ ጠርዝ ሄደች። እኔ አሁንስ ትሸሻለች ብዬ ነበር፤ ከኋላችን የአውቶቡስ መንገድ አለ። እሷ ግን ከነባንዲራዋ፣ ከነጢሟ፣ ከነወፍራም ቦቲዋ ከፊት በኩል ወደ ሕዝቡ ዘለለች። ሰዉ ለሁለት ተከፈለላት። ደግሞም በትናንሽ እርምጃ፣ ጉልበቶቿን አጋጥማ፣ በመድረክ አካሄድ ነው የምትሄደው።

ዘፋኝ ሲሄድ መሰንቆ ይከተላል፤ ሌላ ሥራ አላውቅም። ተነሳሁና እየመታሁ ከኋላዋ ወረድኩ። አክስት ፒን «ቴክ! አንተ እብድ! ቴክ!» ስትል ይሰማኛል። ከድምፅ ማጉያው ርቄ ነበርና መሰንቆዬ የምትሰማው ለእሷና በአጠገባችን ላሉ ሰዎች ብቻ ነበር። ማዶ ስንደርስ የዕንቁ ጨረቃው መሰንቆ መቺ፣ ሃያ ዓመት ሰላም ያላልኩት ሰው፣ አግዳሚው ላይ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ።

ቦንግቺ መሰላሉን ወጣች። ሰዉ ሁሉ እናትና ልጅ ይተቃቀፋሉ ብሎ ትንፋሹን ያዘ። ሶቺን ሁለት እጇን ዘረጋች፤ የሌለ በር ሁለቱን ሳንቃ ይዛ ስባ ዘጋችው፤ ከዚያም የሌለውን መቀርቀሪያ አንስታ ወረወረችው።

በእኛ መድረክ በር የለም፤ እጅ ከዘጋው ግን ተዘግቷል። ሕፃንም ቢሆን አያልፍበትም። ቦንግቺ በሁለቱ መካከል ባለው ባዶ አየር ፊት ተገትራ ቀረች። ሶቺን ጀርባዋን ሰጥታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

ጋሻ የሚያክለው ደወላቸው አንድ ጊዜ ተመታ። የመጀመሪያው የሌሊት ሰዓት ማለት ነው፤ አምስተኛው ሲመታ ይነጋል። ፀሐይዋ ገና ታቃጥላለች፤ የቦንግቺ ቀለም በጢሟ ላይ ይንጠባጠባል፤ መድረኩ ላይ ግን መሽቷል። አልዘፈነችም። አልተንቀሳቀሰችም። እኔና ያ ሰውዬ ቀስ አድርገን እንመታለን። ሁለተኛው ደወል ተመታ። በቦቲዋ ውስጥ እግሯ ምን እንደሚላት ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ሦስተኛው ተመታ። ከኋላ አንድ ሕፃን አለቀሰ፤ እናቱ ጡቷን ሰጠችው። እስከዚያ ድረስ እኛ መድረክ ላይ የቀረው ቀልደኛችን ብቻውን ነበር፤ ከባዶው አደባባይ ፊት ቆሞ ወደ ቤተ መቅደሱ እያየ «እመቤቴ ሆይ፣ እንግዲህ አንቺና እኔ ቀረን፤ ቀልድ ትወጃለሽ?» ይላል። አራተኛው ተመታ። ያን ያህል ረጅም ጊዜ በአንድ ቦታ ስትቆም በሕይወቴ አላየኋትም።

አምስተኛው ደወል ሲመታ ሶቺን ተነሳች። መቀርቀሪያውን አነሳች፤ ሁለቱን ሳንቃ ከፈተች፤ ቀሚሷን ሰብስባ እግሯን ከፍ አድርጋ የሌለውን ደፍ ተሻገረች። እናቷን ከላይ እስከ ታች አየቻት። እኛ አገር ጎረቤት ከጎረቤት ሲገናኝ የሚለውን ተራ ቃል ተናገረች።

«በልተሻል?»

«አልበላሁም» አለች ቦንግቺ፤ ድምፅዋ የጄኔራል አልነበረም።

«ግቢ እንግዲህ።»

የተከተለውን ጩኸት ልገልጸው አልችልም። ቀይ ወረቀት ላይ ለተጫዋቾች ገንዘብ የሸለመውን ሰው ስም እየጻፉ የሚለጥፉት ሰዎች መለጠፊያ ቦታ አጡ። ለአሸናፊ የሚሰጠውን የጨርቅ ዓርማ ዕንቁ ጨረቃ ወሰደ። አክስት ፒን ከሽማግሌዎቹ ጋር ቆማ ተከራከረች፦ «ጄኔራሉ የኔ ነው! መሰንቆውም የኔ ነው! ግማሹ ዓርማ ይገባኛል!» ሽማግሌዎቹ ዓርማ አይቀደድም ብለው አራት ቅርጫት ዓሣ አሸከሟት። እኔን ለአንድ ወር በስሜ አልጠራችኝም፤ «ያ ማዶኛ» ትለኝ ነበር።

ከቲያትሩ በኋላ ከቤተ መቅደሱ ጎን ባለች የዓሣ ገንፎ ቤት እናትና ልጅ ፊታቸውን ታጥበው ተቀመጡ። ቦንግቺ «ና ወንድሜ፣ ብቻዬን አትተወኝ» ብላኝ እኔም እዚያ ነበርኩ። ሳህኖቹ መጡ። ሶቺን የዓሣውን እሾህ በቾፕስቲክ እየለቀመች ጠርዝ ላይ ትደረድራለች።

«ይቅርታ ያደረግሁልሽ እንዳይመስልሽ» አለች ቀና ሳትል። «በር መክፈት ሌላ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ያን ጊዜ ከእማ ኪዮ ጀርባ ሆኜ ማን እንደሆንሽ አውቄ ነበር። ቆመሽ ብትጠብቂኝ እወጣ ነበር። ሻዩ እስኪበርድ ብቻ።»

ቦንግቺ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ሳይታወቃት ብድግ አለች፤ ከዚያም መቆሟን ራሷ አየችውና ተመልሳ ተቀመጠች። በዚያ ገንፎ ላይ ሦስት ጊዜ ተነስታ ሦስት ጊዜ ተቀመጠች፤ ግን ጨረሰችው።

ወደ ዕንቁ ጨረቃ ገባች። አብረው መጫወት ጀመሩ፤ ሰው ከሩቅ እየመጣ ያያቸው ነበር። ይህ ሁሉ ሆኖ ረጋች እንዳልላችሁ። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ቆየችና እየተጫወተ መድኃኒት ከሚሸጥ ዘዋሪ ቡድን ጋር ወደ ምሥራቁ ጠረፍ ልትሄድ ተነሳች። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ጠዋት ሶቺንን ቀስቅሳ፣ ቦርሳዋን ይዛ ፊቷ ቆማ ነገረቻት።

«ዛሬ እሄዳለሁ። ሁዋልየን ነኝ። በስድስተኛው ወር በአሥረኛው ቀን እመለሳለሁ።»

«እንደ ሎንጋኑ?»

«በአሥረኛው ቀን አልኩሽ።»

የመጣችው በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው። ሶቺን ተቆጥታ ሁለት ቀን ሙሉ አላናገረቻትም፤ ምግብ ግን አቀረበችላት። የሚቀጥለው ጊዜ አንድ ቀን ዘገየች። ከዚያ ወዲህ ነገራቸው እንዲህ ነው፤ ትሄዳለች፣ ትመጣለች፣ ይጣላሉ፣ ይበላሉ። ሶቺን አግብታ ታይናን ከተማ ውስጥ የልብስ መስፊያ ሱቅ ከከፈተች በኋላም አልተለወጠም። እማ ኪዮ ስትሞት በቀብሩ ላይ ሁለቱ አንድ ዓይነት የሐዘን ጨርቅ ለብሰው ጎን ለጎን ሄዱ፤ የሐዘን ጨርቅ እንደ ዝምድናው ይለያያልና በመንደሩ ሥርዓት ይህ ትክክል ነው ወይስ አይደለም ብለው ሽማግሌዎች ሲከራከሩ እነሱ ሄደው ጨርሰው ነበር።

እኔ መምታት ትቻለሁ፤ ጣቶቼ አብጠዋል። ባለፈው ወር የልጅ ልጄን ቀሚስ ላሰፋ ሱቋ ሄድኩ። ሶቺን ስልክ ላይ ነበረች፤ ማዶ ሆና የምትጮኸው ማን እንደሆነች መጠየቅ አላስፈለገኝም። ከባቡር ጣቢያ ነው የምትደውለው፤ ከጀርባዋ ፊሽካና የሰው ግፊያ ይሰማል።

«ሐሙስ ነው ዓርብ?» ትላለች ሶቺን። «እማዬ፣ አንዱን ቁረጪ። ሐሙስ ነው ዓርብ?»

የተመለሰላትን አልሰማሁም። ስልኩን ዘግታ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣለችና በሩ ላይ ያለውን ወንበር አቀረበችልኝ።

«ተቀመጥ፣ አጎቴ ቴክ። በልተሃል?»